ማግኔት የማይዘው ኮፈን

ያገለገለ ኒሳን ስካይላይን ጂቲ-አር ሊገዛ የመጣ ነገር አዋቂ ሞተሩ እንዲነሳለት አይቸኩልም። ከዚያ በፊት ከኪሱ ትንሽ ማግኔት አውጥቶ ኮፈኑ ላይ ያስጠጋል። ማግኔቱ ከያዘ ይደነግጣል፤ ተንሸራቶ ከወደቀ ልቡ ይረጋል። ከዚያ ወደ ኋላ ዞሮ ያንኑ ማግኔት ከኋላ ጎማው በላይ ባለው ላሜራ ላይ ይሞክራል። እዚህ ነገሩ ይገለበጣል። ማግኔቱ መያዝ አለበት፤ ካልያዘ ከቀለሙ ሥር ያለው ብረት ሳይሆን ስቱኮ ነው።

በአንድ መኪና ላይ ሁለት ተቃራኒ ፈተና ለምን ያስፈልጋል? መልሱ ያለው በመኪናው ታሪክ ውስጥ ነው። አር-32 የሚባለው ጂቲ-አር ከ1989 እስከ 1994 ተሠራ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ዛሬ ገዢዎች እየተቀባበሉ የሚያስተላልፉት የመፈተሻ ዝርዝር ያለ ምክንያት የተጻፈ ነጥብ የለበትም። አንዱ ከእሽቅድምድም ደንብ፣ ሌላው በመንግሥትና በፋብሪካዎች መካከል ከተደረገ መግባባት፣ ሦስተኛው ውቅያኖስ ማዶ ከወጣ ሕግ የተወለደ ነው። መኪናውን የሚፈትሽ ሰው፣ አወቀውም አላወቀው፣ የአሥርት ዓመታት ታሪክ በጣቱ እየዳሰሰ ነው።

ታሪኩ የሚጀምረው ከኒሳን በፊት ነው። ስካይላይን መጀመሪያ የፕሪንስ ኩባንያ መኪና ነበረች። በ1964 የፕሪንስ መሐንዲሶች በሱዙካ ለሚካሄደው የጃፓን ግራንድ ፕሪ ሲዘጋጁ ከትልቋ ግሎሪያ ላይ ባለ ስድስት ሲሊንደር ሞተር አነሱ። ሞተሩ በስካይላይን ውስጥ አልገባ ሲል የመኪናዋን አፍንጫ በ20 ሴንቲ ሜትር አስረዘሙት። ባለ አራት በሯ የቤተሰብ መኪና በዚያ ውድድር ከጀርመኑ ፖርሽ 904 ጋር ተጋጠመች። ያሸነፈው ፖርሽ ነው። ይሁን እንጂ ቴትሱ ኢኩዛዋ የሚነዳት ስካይላይን ለአንድ ዙር ፖርሹን ቀድማ ታየች፤ ለጃፓናውያን ተመልካቾች ያቺ አንድ ዙር ከዋንጫ አላነሰችም።

ፕሪንስ በ1966 ከኒሳን ጋር ተዋሐደ። በ1969 ጂቲ-አር የሚለውን ስም የያዘችው የመጀመሪያዋ ስካይላይን ወጣች። ሞተሯ ከእሽቅድምድም መኪና ሞተር የተወለደ፣ ሁለት ሊትር የሚይዝ፣ 160 የፈረስ ጉልበት ያለው ነበር። በሦስት ዓመት ገደማ ውስጥ በጃፓን ሜዳዎች 50 ያህል ድል ሰበሰበች። ቀጥሎ የመጣው የ1973ቱ ጂቲ-አር ግን ክፉ ቀን ገጠመው። የጭስ ቁጥጥሩ እየጠበቀ፣ የነዳጅ ቀውሱም እየደረሰ ስለነበር ከ200 ያነሱ መኪናዎች ብቻ ተሠርተው ምርቱ ቆመ። ስሙም ለ16 ዓመት ተኛ።

የቀሰቀሰው የናጋኖሪ ኢቶ ቡድን ነው። ዓላማው አንድ ነበር፤ ግሩፕ ኤ በሚባለው የእሽቅድምድም ዘርፍ ማሸነፍ። ደንቡ ለመወዳደር የሚፈልግ ፋብሪካ ያንኑ መኪና ቢያንስ 5,000 ያህል ሠርቶ ለሕዝብ እንዲሸጥ ያስገድዳል። ተርቦ ያለው ሞተር ደግሞ መጠኑ በ1.7 ተባዝቶ ይመደባል። መሐንዲሶቹ መጀመሪያ በአራት ሊትር ምድብ የሚገባ አነስ ያለ ሞተር አስበው ነበር። መኪናው በአራቱም ጎማ እንዲነዳ ሲወሰን ግን ክብደቱ ጨመረ፤ ስለዚህ ወደ 4.5 ሊትር ምድብ ከፍ አሉ። ሞተሩም 2,568 ሲሲ ሆነ፤ በ1.7 ሲባዛ 4,366 ይመጣል፤ ከምድቡ ጣሪያ ሥር ገጥሞ ይቀመጣል። አርቢ-26 የሚባለውና ዛሬ በዓለም ዙሪያ ስሙ የሚጠራው ሞተር መጠኑን ያገኘው በዚህ ስሌት ነው።

ሞተሩ፣ ሁለቱ ተርቦዎችና ለፊት ጎማ ኃይል የሚያደርሰው ማርሽ ሁሉ ፊት ላይ ተከመሩ። መኪናው 1,430 ኪሎ ግራም ያህል ሲመዝን ሸክሙ ወደ አፍንጫው አጋደለ። ያንን ለማቅለል ኮፈኑና ሁለቱ የፊት ፓራፋንጎዎች ከአሉሚኒየም ተሠሩ፤ የቀረው አካል ብረት ሆኖ ቀረ። የዛሬው ገዢ ማግኔት ከኮፈኑ ላይ ተንሸራቶ መውደቅ ያለበት በዚህ ምክንያት ነው። ከያዘ ከሁለት አንዱ ሆኗል፤ መኪናው ተጋጭቶ ከሌላ ስካይላይን ላይ በተነቀለ ብረት ተጠግኗል፣ ወይም ከመጀመሪያውም ጂቲ-አር አልነበረም።

ሁለተኛው ጥርጣሬ በየገበያው ደጋግሞ እውነት ሆኗል። በዚያው ዘመን ጂቲኤስ-ቲ የሚባል፣ በኋላ ጎማ ብቻ የሚነዳ ርካሽ ስካይላይን በብዛት ይሸጥ ነበር። መልኩ ይቀራረባል፤ መከላከያውን፣ የኋላ ክንፉንና ምልክቱን መቀየር ለላሜራ ባለሙያ ከባድ ሥራ አይደለም። በቀላሉ የማይቀየረው ሞተሩን ከሹፌሩ ክፍል በሚለየው ግድግዳ ላይ የተመታው የሻንሲ ቁጥር ነው። የእውነተኛው ጂቲ-አር ቁጥር ቢኤንአር-32 ብሎ ይጀምራል፤ የዘመዱ ደግሞ ኤችሲአር-32 ይላል። አዲስ አበባ ውስጥ ሊብሬን ከሻንሲ ቁጥር ጋር ሳያመሳክር ቀብድ የማይከፍል ሰው ይህን ልማድ በሚገባ ያውቀዋል። የቁጥሩ ዙሪያ ተሞርዶ ወይም ተበይዶ እንደሆነ በባትሪ መብራት ማየት ከሁሉም ይቀድማል።

መኪናው የተሠራበትን ዓላማ አሳካ። ከ1990 እስከ 1993 በጃፓን የግሩፕ ኤ ሻምፒዮና 29 ውድድር ተደረገ፤ 29ኙንም አር-32 አሸነፈ። በአውስትራሊያ ባተርስት ላይ ጂም ሪቻርድስና ማርክ ስካይፍ በ1991 እና በ1992 ተከታትለው አሸነፉ። የ1992ቱ ውድድር በዶፍ ዝናብ የተነሳ ሲቋረጥ መኪናቸው ተጋጭቶ ቆሞ ነበር፤ ውጤቱ ከዚያ በፊት ባለው ዙር ሲቆጠር አሸናፊዎቹ እነሱ ሆኑ፤ በሀገራቸው ትልልቅ ሞተሮች የሚመካው ተመልካችም በጩኸት ተቃወማቸው። በቀጣዩ ዓመት የአውስትራሊያ ደንብ ተቀየረና ጂቲ-አር ከሜዳው ወጣ። «ጎድዚላ» የሚለውን ቅጽል ያወጣለትም የአውስትራሊያው ዊልስ መጽሔት ነው። ኒሳን በዚያች አገር በይፋ የሸጠው 100 መኪና ብቻ ሲሆን፣ የቀሩት በሙሉ ከጃፓን ያገለገሉ ሆነው የገቡ ናቸው።

በሜዳ ላይ ከ500 በላይ የፈረስ ጉልበት የሚያወጣው ሞተር ለመንገድ ሲሸጥ 280 ብቻ ተብሎ ተጻፈበት። ቁጥሩን የወሰነው ምሕንድስና አልነበረም። በ1988 በጃፓን መንገዶች ላይ የሞተው ሰው ከ10 ሺህ በላይ ሆኖ ነበር። በትራንስፖርት ሚኒስቴር ግፊት ፋብሪካዎቹ ከ280 የፈረስ ጉልበት በላይ ላለመሄድ ተግባቡ፤ መግባባቱ እስከ 2004 ጸና። አር-32 ግን በውስጡ የተደበቀ አቅም ይዞ ወጣ። የተርቦውን ግፊት በሚቆጣጠረው ቀጭን ቱቦ ውስጥ ቢጫ ቀለም የተቀባች ቀዳዳዋ የጠበበ ትንሽ ብረት ተቀምጣለች። እሷን የነቀለ ሰው ያለ ምንም ሌላ ወጪ ግፊቱን ከ0.7 ባር አካባቢ ወደ 1 ባር ገደማ ከፍ ያደርጋል። ወሬው በጃፓን ጋራዦች ውስጥ ለመሰራጨት ጊዜ አልፈጀበትም።

ችግሩ ተርቦዎቹ ላይ ነበር። ኒሳን በተርቦው የጭስ ማውጫ በኩል ያለውን ተሽከርካሪ ከሴራሚክ ሠርቶታል። ሴራሚክ ከብረት ይቀላል፤ ስለዚህ ቶሎ ይሽከረከራል፤ ሹፌሩ ነዳጅ ሲረግጥ መልሱ ፈጣን ነው። ግፊትና ሙቀት ከታሰበለት ሲያልፍ ግን ከዘንጉ ይላቀቃል ወይም ይፈረካከሳል። ለውድድር ተብለው በጥቂቱ በተሠሩት ኒስሞ (የኒሳን የእሽቅድምድም ክፍል) እና ኤን-1 በተባሉት ዓይነቶች ላይ ኒሳን ራሱ ብረት የተጠቀመው ለዚህ ነው። ስለዚህ ዕውቀት ያለው ገዢ ኮፈኑን ሲከፍት ያቺን ቢጫ ምልክት ይፈልጋል። ካለች መኪናው ብዙ አልተነካካም ማለት ነው። ከሌለች ቀጣዩ ጥያቄ «ተርቦዎቹ ተቀይረዋል ወይ? በማን? ደረሰኙስ የታለ?» ይሆናል።

ከፍጥነት ጋር የተያያዘ ሌላ ገደብም ነበር። የጃፓን መኪናዎች በሰዓት ከ180 ኪሎ ሜትር እንዳያልፉ በኤሌክትሮኒክስ ይታገዱ ነበር፤ የአር-32 የፍጥነት መለኪያም የሚያበቃው 180 ላይ ነው። ባለቤቶቹ እገዳውን ሲያነሱ የሚያነቡት ቁጥር አጡ። በዚህ ጊዜ ከ180 በላይ የሚያሳየውን የኒስሞ ሰሌዳ እየገዙ አስገቡ። ይህ በራሱ ማታለል አይደለም፤ ብዙዎቹ በቅን ልብ ያደረጉት ነው። ሆኖም አዲሱ ሰሌዳ የራሱን ኪሎ ሜትር ቆጣሪ ይዞ ይመጣል፤ ቆጣሪውም ከዜሮ ይጀምራል። 150 ሺህ ኪሎ ሜትር የሄደ መኪና በአንድ ከሰዓት በኋላ ሥራ አዲስ ሆኖ ያድራል። በዚህ የተነሳ የጂቲ-አር ገዢዎች ቁጥሩን ከማመን ይልቅ የፔዳሉን ጎማ፣ የሹፌሩን ወንበር ጠርዝ፣ የመሪውንና የማርሽ ዘንጉን መላላጥ ማንበብ ለመዱ። 60 ሺህ የሚል ሰሌዳና ተበልቶ ያለቀ የፍሪሲዮን ፔዳል አብረው አይሄዱም።

የሞተሩ ፍተሻም ከሜዳ የወረደ ነው። በመጀመሪያዎቹ አር-32ዎች ላይ የዘይት ፓምፑን የሚያዞረው የክራንክሻፍት ጫፍ አጭር ነበር፤ ፓምፑ የሚያርፍበት ቦታ ጠባብ ሆነ። በመደበኛ መንዳት ችግር አይታይበትም። ሹፌሩ ሞተሩን እስከ መጨረሻው ዙር እያጮኸ ደጋግሞ ከጣሪያው ጋር ሲያጋጨው ግን የፓምፑ ማርሽ ይሰነጠቃል፤ ዘይት ያልደረሰው ሞተርም በሴኮንዶች ውስጥ ያልቃል። በረዥም ኩርባ ላይ ሲነዳ ዘይቱ ወደ ላይ ወጥቶ ቴስታው ላይ መከማቸቱም የታወቀ ድካሙ ነው። ኒሳን በኋላ የክራንክሻፍቱን ጫፍ አስረዘመው። ለገዢው የቀረለት ሥራ ሦስት ነው። አንደኛ፣ ወደ ሻጩ ቤት ሲደርስ ሞተሩ ቀዝቃዛ መሆኑን በእጁ ነክቶ ማረጋገጥ፤ አስቀድሞ የሞቀ ሞተር ብዙ ድምፅ ይደብቃል። ሁለተኛ፣ ሞተሩ በደንብ ከሞቀ በኋላ ቆሞ ሲሠራ የዘይት ግፊቱ ወዴት እንደሚወርድ ማየት። ሦስተኛ፣ የስድስቱም ሲሊንደሮች ግፊት በመለኪያ ተለክቶ መቀራረቡን ማወቅ፤ አንዱ ከሌሎቹ ተነጥሎ ከወደቀ ሞተሩ መውረዱ አይቀርም።

በመንዳት ፈተና ላይ ወደ ሁለተኛና ሦስተኛ ማርሽ ሲገባ የሚፋጭ ካምቢዮ ስለ ቀድሞ ባለቤቱ እግርና እጅ ብዙ ይናገራል። መኪናው ኃይልን ለፊት ጎማዎች የሚያካፍለው በኮምፒውተርና በዘይት ግፊት ነው፤ የዚህ ሥርዓት ማስጠንቀቂያ መብራት ቁልፉ ሲዞር በርቶ ከዚያ መጥፋት አለበት። ጭራሽ ካልበራ አምፖሉን ያወለቀ ሰው አለ። የኋላ ጎማዎቹን በጥቂቱ የሚያዞረው ሃይካስ የሚባለው ሥርዓትም በብዙ መኪናዎች ላይ ተነቅሎ በብረት ታስሯል፤ ይህ ጉዳት ባይሆንም ሻጩ ሳይጠየቅ ሊናገረው የሚገባ ነው።

ብረት የሚናገረውን ያህል ወረቀትም ይናገራል፤ በጃፓን ያገለገለ መኪና ንግድ ትልቁ ውርስ ይህ ነው። አገሪቱ እንደኛ ቦሎ ያለ፣ ነገር ግን እጅግ የጠበቀና ውድ የሆነ ሻኬን የሚባል ምርመራ አላት። አዲስ መኪና ከሦስት ዓመት በኋላ፣ ከዚያም በየሁለት ዓመቱ ይመረመራል። ከምርመራው ጋር ግብርና የግዴታ ኢንሹራንስ ስለሚከፈል ብዙ ባለቤቶች ቀኑ ሲቃረብ መኪናቸውን መሸጥ ይመርጣሉ። ገበያው በዚህ ምክንያት ሁልጊዜ ሙሉ ነው። በ1966 ያገለገሉ መኪናዎችን ዋጋና ጉዳት የሚገምቱ ባለሙያዎችን የሚያሠለጥን የአገሪቱ ማኅበር ተቋቋመ። በ1982 ደግሞ ዩኤስኤስ የተባለው ኩባንያ በናጎያ አካባቢ ጨረታ ጀመረ፤ ከጊዜ በኋላም የአገሪቱ ትልቁ አጫራች ሆነ።

ከእነዚህ ጨረታዎች የወጣችው አንዲት ገጽ የመኪና ንግድን ቀየረች። ከሻጩም ከገዢውም ጋር ያልወገነ መርማሪ መኪናውን ዞሮ በሥዕል ላይ ምልክት ያደርጋል። «ኤ» ጭረት ነው፤ «ዩ» ጎድጓድ ነው፤ «ደብልዩ» ተጠግኖ የተወላገደ ላሜራ ነው፤ «ኤስ» ዝገት ነው። ለመኪናው በሙሉ ነጥብ ይሰጣል፤ በነጥቡ ቦታ «አር» የሚል ፊደል ከተጻፈ ግን የመኪናው አጥንት ተመትቶ ተጠግኗል ማለት ነው። መርማሪው ይህን የሚያውቀው የፓራፋንጎ ብሎኖች ላይ ያለው የፋብሪካ ቀለም መሰነጣጠቁን፣ ራዲያተሩን የሚይዘው ብረት መቀየሩንና የብየዳው ነጥቦች ከፋብሪካው መለየታቸውን አይቶ ነው። ከ2004 ጀምሮ ደግሞ በምርመራው ዕለት የተነበበው ኪሎ ሜትር በሻኬኑ ሰነድ ላይ ይጻፋል። ከዚያ ወዲህ ቆጣሪ መቀየር እንደ ቀድሞው ቀላል አልሆነም፤ ከዚያ በፊት ላሉት 15 የአር-32 ዓመቶች ግን ምስክሩ የጋራዥ ደብተር ብቻ ነው።

ጃፓኖች በወረቀት ሊፈቱት የሞከሩትን ችግር አሜሪካዊው የኢኮኖሚ ምሁር ጆርጅ አከርሎፍ በ1970 በጽሑፍ ተንትኖታል። በእኛ ዘንድ ሎሚ በጥምቀት ለወደዷት የሚወረወር ነው፤ በአሜሪካ አነጋገር ግን ውስጡ የተበላሸ መኪና «ሎሚ» ይባላል። አከርሎፍ እንዳሳየው፣ ሻጩ የሚያውቀውን ገዢው ካላወቀ ገዢው ለሁሉም መኪና የመካከለኛ ዋጋ ብቻ ይሰጣል፤ በዚህ ዋጋ የከሰረው የደህና መኪና ባለቤት ገበያውን ጥሎ ሲወጣ ሎሚዎቹ ይቀራሉ። በ2001 የኖቤል ሽልማትን ከተጋሩት ሦስት ምሁራን አንዱ ሆነ። የጨረታዋ ገጽ ዋጋ እዚህ ላይ ይገባል፤ ደህና መኪና ያለው ሰው ደህና መሆኑን የሚመሰክርለት አገኘ።

ያም ሆኖ የአር-32ን ዋጋ ወደ ሰማይ የሰደደው የዋሽንግተን ሕግ ነው። አሜሪካ በ1988 ባወጣችው ሕግ ለገበያዋ ያልተሠራ መኪና እንዳይገባ አጠበቀች፤ ዕድሜው 25 ዓመት የሞላው ግን ነፃ ሆነ። የአሜሪካ ወጣቶች ጂቲ-አርን በቪዲዮ ጨዋታና በፊልም እያዩ አደጉ፤ ሊነዱት ግን አልቻሉም። በነሐሴ 2014 የመጀመሪያዎቹ አር-32ዎች 25 ዓመት ሞላቸው፤ ከጃፓን ወደቦችም ወደ አሜሪካ መጫን ጀመሩ። በጥር 2024 ተራው ከአር-32 በኋላ የመጣው ጂቲ-አር፣ የአር-34 ሆነ። ተዋናዩ ፖል ዎከር በ2009 በወጣ ፊልም የነዳው ሰማያዊ አር-34 በ2023 በቦንሃምስ ጨረታ ከ1.3 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሸጠ።

ሕጉ በፍተሻው ዝርዝር ላይ አዲስ ነጥብ ጨመረ፤ የተሠራበት ወር። የጃፓኑ ሰነድ የሚጽፈው መኪናው መጀመሪያ የተመዘገበበትን ጊዜ ሲሆን፣ የአሜሪካ ጉምሩክ የሚቆጥረው ከፋብሪካ ከወጣበት ወር ነው። ስለዚህ ግድግዳው ላይ ያለው ቁጥር መኪናው እውነተኛ መሆኑን ብቻ ሳይሆን መርከብ መሳፈር መቻሉንም የሚነግር ሆነ።

ዋጋው ሲወደድ የፈታሾቹ ጭንቀት ከሞተር ወደ ዝገት ዞረ። ሞተር ወርዶ ይታደሳል፤ የበሰበሰ አካል ግን መኪናውን ይዞት ይሄዳል። ወደ 44 ሺህ ከሚጠጉት አር-32ዎች የተወሰኑት መንገድ ላይ ጨው በሚበተንባቸው በረዷማ አውራጃዎች ኖረዋል። የፊት ሾክ አብዞርበሮች የሚታሰሩባቸው ጉልላቶች፣ ከበሮቹ ሥር ክሪክ የሚገባባቸው ጠርዞች፣ የኋላ ጎማዎች ዙሪያና የዕቃ መጫኛው ወለል መጀመሪያ የሚበሉት ናቸው። አዲስ ጥቁር ቀለም ሥሩ ላይ የተረጨበት መኪና ሲያጋጥም ገዢው ጥፍሩን ያሳርፋል፤ ከሥር የሚሰባበር ነገር ከተሰማው ይቆማል።

ኒሳን በታኅሣሥ 2017 በኒስሞ በኩል ለአር-32 መለዋወጫ እንደገና መሥራት ጀመረ፤ ሽቦዎች፣ ቱቦዎችና ምልክቶች ከነኦሪጅናል ቁጥራቸው ተመለሱ። ለሚያሳድሱ ሰዎች ይህ ትልቅ እፎይታ ነው። ለሚገዙት ደግሞ ሥራ ጨመረባቸው፤ የሚያብረቀርቅ የጂቲ-አር ምልክትና ያልተነካ የሚመስል ቱቦ ከእንግዲህ ምንም አይመሰክሩም። ኮፈኑ ከተከፈተ በኋላ ሁለት ሰዎች ጎንበስ ብለው ይታያሉ። አንዱ ባትሪ ያበራል፤ ሌላው በግድግዳው ላይ የተመታውን ቁጥር አንድ በአንድ እያነበበ በእጁ ከያዘው የጨረታ ገጽ ጋር ያመሳክራል። ማግኔቱ ገና ከኪስ አልወጣም።